ስለ ጓሳና ስለ ቀይ ቀበሮ ጠይቁኝ

ሰላም ወገን። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ በሚባለው የሣር ደጋ ላይ በዱር እንስሳት ጥበቃ ስሠራ ኖሬያለሁ። ጠይቁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሻ ይዛችሁ ጓሳ አትውጡ።

ማሜ፦ ቀይ ቀበሮ በግ ይበላል?

ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ግልገል አልፎ አልፎ ሊነጥቅ ይችላል። እዚያው ተኩላም አለ። በግ ሲጠፋ ግን የሚረገመው ቀዩ ነው። ሲያድን ብታየው! ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሀል ገብቶ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ጭላዳዎቹ ዞር ብለውም አያዩት። አይጥ ማደን የሚቀናው እዚያ መሀል ሲሆን ነው።

ብሩክ፦ መንግሥት ለምን አያጥረውም?

ይኸው ዋናው ጥያቄ መጣ። ጓሳን ያቆየው አጥር ሳይሆን ቄሮ የሚባለው የጥንት የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ነው (የፖለቲካው አይደለም፣ የመንዙ)። ባለርስቶቹ፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። እሱ ጓሳን ከዘጋው ለዓመታት አጫጅም ከብትም አይገባም ነበር። ሲከፍተው ባለርስቱ ሁሉ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ (ለዝናብ ልብስ) ያጭድ ነበር። ሰርቆ ያጨደ ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ርስትን ሲያስቀር ቄሮውም አብሮ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጋጠ። ኋላ በየቀበሌው ኮሚቴ ተቋቁሞ ነው ነፍስ የዘራው። ለቀበሮ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሰው ሣሩን ፈለገ፣ ሣሩ አይጡን አቆየ፣ ቀበሮውም በዚያው ተረፈ።

ሄለን፦ ቤት ማቃጠል ጥበቃ ነው እንዴ? ርስት የሌለውስ?

የመንዝ ልጅ፦ እስቲ አንቺ ያለ ጓሳ ሣር ቤት ክደኚ!

ሄለን፦ ቆርቆሮ የሚባል ነገር አለ እኮ።

የመንዝ ልጅ፦ ቆርቆሮ የመንዝን ብርድ መቼ አየና።

ሄለን እውነቷን ነው፣ ርስት የሌለው ከጥቅሙ ውጭ ነበር። አሁን ኮሚቴው ዘር አይቆጥርም። የቆርቆሮውን ክርክር በውስጥ መስመር ጨርሱት።

ሳሚ፦ ስንት ቀሩ? የሚጨርሳቸው አደን ነው?

በመላ አገሪቱ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። የሚጨርሳቸው ውሻ ነው! የእብድ ውሻ በሽታ። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ከግማሽ በላይ በዚሁ አለቁ። ስለዚህ የእረኛው ውሻ ይከተብ። ውሻውን ጠርቶ የሚይዘው ባለቤቱ ነው፤ ገበሬው እሺ ካላለ ሐኪሙ ክትባቱን ይዞ ይመለሳል።

ቤቲ፦ ጉብኝት ስንት ነው?

አስጎብኚ ጠይቂ። ወፍራም ጋቢ ያዢ።

ዳኒ፦ በግ ይበላል ግን?

ከላይ አንብብ።

ዳኒ፦ እሺ። ውሻዬ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል፣ ይዤው ልውጣ?

አይሆንም አልኩ እኮ! ዲስተምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም አለ፤ እሱም ባሌ ላይ ፈጅቷቸዋል። ጎረቤት ጋ ተወው።