መንገዳችንን የበላው ማነው?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እትዬ? የምጽፍልዎት ጎጃም ውስጥ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ አንድ የደጋ ቀበሌ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ድንችም አመርታለሁ። ከአስፋልቱ እስከ እኛ ድረስ 11 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አለ። የተመረቀ ቀን ሠርግ ነበር የመሰለን። በ3ኛው ክረምት ግን ተበላሸ። አሁን ሰኔ ከገባ አይሱዙ ዝር አይልም። ድንቹ ተቆፍሮ ደጅ ይከመራል፣ ነጋዴ እስኪመጣ ግማሹ ይበሰብሳል። ማዳበሪያ የሚገባው በአህያ ነው። አምና አንዲት ጎረቤታችንን ምጥ ይዟት በቃሬዛ አስፋልት ለማድረስ 4 ሰዓት ፈጀብን። ተመስገን፣ እሷም ልጇም ተርፈዋል። «መንገዱ እንደ አዲስ ይሠራልን» ብለን አቤት ካልን 2 ዓመታችን ነው፤ መልሱ «በጀት የለም» ነው። ሰው ሁሉ ያበላሸው ከባድ መኪና ነው ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ እንኳን ጎረቤታችሁ ተረፈች። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው።

አሁን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። መንገዳችሁን የበላው አይሱዙ አይደለም፣ ውኃ ነው። መኪናው የጨረሰው ውኃ ያራሰውን ነው። የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የተበላሸ መንገድ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠጠሩ ሳይሆን ወደ ቦዩ ነው። ጎጃም ላይ ደግሞ አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ፤ እሱም ፈሰስ፣ ማለትም የማሳ ውኃ ማፍሰሻ ቦይ፣ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ውኃ እንዳይተኛበት ፈሰስ ያወጣል፣ ከአባት የወረደ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን 30 ገበሬ ፈሰሱን ሁሉ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ከለቀቀ ያ ቦይ ያን ሁሉ ውኃ እንዲችል ተብሎ የተቆፈረ አይደለምና ይሞላል፣ ከዚያ ውኃው መሃል መንገድ ላይ ወጥቶ ጠጠሩን ጠርጎ ይሄዳል። ሌላም አለ። አንዱ ጋሪ ለማሳለፍ ቦዩን በአፈርና በድንጋይ ይደፍነዋል። ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ በደለል ይዘጋል፣ የሚጠርገው የለም። 1 የተዘጋ ቱቦ በአንድ ሌሊት ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ሊያድር ይችላል።

ስለዚህ «11 ኪሎ ሜትሩ እንደ አዲስ ይሠራ» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። አሁን የምልህን አድርጉ። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላህን ያዝና ከሁለት ሦስት ሰው ጋር መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሂዱበት። ፀሐይ ላይ የሄደ ሰው ጉድጓድ ብቻ ነው የሚያየው፤ ዝናብ ላይ የሄደ ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት ተሻግሮ የት እንደሚተኛ ያያል። እንደ እኔ ግምት መኪና በትክክል የሚያቆማችሁ ቦታ 4 ወይም 5 ቢሆን ነው። ቀሪው መንገድ ቢያንገጫግጭም ያስኬዳል። እነዚያን ቦታዎች ጻፏቸው፣ በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

አንዱ ቦታ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ስስ ጠጠር ብታለብሰው ክረምት ሲገባ ይውጠዋል፣ የዛሬ ዓመትም እዚያው ናችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዋልካው ተቆርጦ መውጣት ወይም መንገዱ ከፍ ተደርጎ መሞላት አለበት፤ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፣ ከላይ ገረጋንቲ (አፈር የተቀላቀለበት ጠጠር) በስስ በስሱ እየተደረገ፣ ውኃ እየተርከፈከፈ በሮለር ይጠቀጠቃል። ለ200 ሜትር ይህን ማሠራት ለ11 ኪሎ ሜትር ጠጠር ከመለመን ይሻላል።

ቁልቁለት ላይ ሥራው ሌላ ነው። እዚያ ቦዩ ውስጥ ድንጋይ በየተወሰነ ርቀት አግድም ይደረደራል፣ የውኃውን ጉልበት ይሰብራል። ውኃው ሳይበዛ በፊትም በየቦታው ከቦዩ መውጫ ይሠራለታል። የመንገዱም ጀርባ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ስፋቱ 5 ሜትር ከሆነ መሃሉ ከዳሩ ወደ 15 ሳንቲም ይብለጥ። በሲባጎና በግንበኛ ውኃ ልክ ራስህ ልትለካው ትችላለህ። ጀርባው ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ከጎደጎደ ውኃው እዚያው ይተኛል።

የቦይና የቱቦ ጠረጋ የእናንተው ነው። ግንቦት ላይ በደቦ አንድ ጊዜ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ ከዚያ መስከረም ሲጠባ እንደገና። ስለ ፈሰሱ ደግሞ የእድሩ ሽማግሌዎች ይናገሩ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱን ነው የሚሰሟቸው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ጠፈፍ እስኪል ጥቂት ሰዓት የተጫነ መኪና ባታሳልፉ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ግሬደር፣ ሮለርና ቱቦ የመንግሥት ሥራ ነው። ድሃ ገበሬ የእርሻ ቀኑን ትቶ በነፃ ጉልበቱ መንገድ ይሥራ ማለት ልክ አይደለም።

ስለ በጀቱም ላንሳ። በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ትልቅ ፕሮግራም ተጀምሮ ብዙ መንገድ ተከፍቷል። ጥገናው ግን እንደ ግንባታው አልታሰበበትም፤ ያኔም ቆጭቶኛል፣ ዛሬም ይቆጨኛል። የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ እየተሰበሰበ ለጥገና እንዲውል በ1989 ዓ.ም. ተቋቁሟል፣ የቀበሌ መንገድ ግን ወረፋው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ነው። ስለዚህ አቤቱታችሁ «መንገድ ይሠራልን» ሳይሆን «እነዚህ 4 ቦታዎች፣ ይህን ያህል ሜትር፣ ይህን ያህል ቱቦ» ይበል። «በጀት የለም» የሚለው መልስ ለ11 ኪሎ ሜትር ይቀላል፤ ለ4 ቦታ ይከብዳል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ቅርባችሁ አለ። ከደጀን ወደ ብቸና ስትሄድ የትመን አለች አይደል? የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ እነ ስቴፋን ደርኮንና ጣሰው ወልደሃና 15 የኢትዮጵያ መንደሮችን ከእ.ኤ.አ. 1994 እስከ 2004 ባለው መረጃ ሲያጠኑ የትመንም ነበረችበት። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 በመቶ ነጥብ ሲቀንስ፣ የፍጆታን ዕድገት ደግሞ በ16.3 በመቶ ከፍ አድርጓል። ልብ በል፣ የተቆጠረው ክረምትም የሚያስኬደው ነው። የእናንተ መንገድ አሁን የበጋ መንገድ ነው። ይህን አቤቱታው ላይ ጻፉት። የበሰበሰውን ድንች በኩንታል ቁጠሩና እሱንም አስገቡት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ሞጣ አካባቢ ያለሁ እናት ነኝ። መንገድ ሲሠራ ቱቦውን ወደ ማሳዬ አፉን አዙረው ተከሉት። ጎርፉ ቦረቦር አውጥቶ ጤፌን እየበላው ነው። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ተበድለዋል። ቱቦ ሲተከል ውኃው የት እንደሚያርፍ አብሮ መታሰብ ነበረበት። ቅሬታዎን ለቀበሌውም ለወረዳውም በጽሑፍ ያስገቡ፣ ያስገቡበትን ቀን የያዘ ኮፒ እጅዎ ላይ ይቅር። መልሱ እስኪመጣ ግን ቦረቦሩ አይጠብቅዎትም። ቱቦው አፍ ላይ፣ ውኃው በሚወድቅበት፣ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ። ቦረቦሩ ውስጥ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ በድንጋይ ወይም በእንጨት ክትር ይሠራለት፣ ዳሩ ላይ ሣር ይተከል። ለዚህ የልማት ሠራተኛውን ይጥሩት፣ ሥራው ነው። ትግራይ ውስጥም በእኛው ክልልም ከመንገድ የሚወርደውን ውኃ ወደ ኩሬ እየመለሱ ለመስኖ የሚጠቀሙበት ቦታ አለ። ከማሳዎ በታች ረባዳ ቦታ ካለ ያንን ውኃ ጥቅምት ላይ ለጎመን ወይም ለሽንኩርት ሊያቆዩት ይችላሉ። ኩሬው ከመንገዱ ራቅ ይበል እንጂ፤ ከተጠጋ ውኃው ተመልሶ የመንገዱን ሥር ያርሰዋል። ልጆች ካሉ ደግሞ ዙሪያውን አጥሩት።