ተራራሽ ድፎ ዳቦ የመሰለበት ምክንያት

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለልጅሽ የመጣለትን የ1፡87 ሞዴል ባቡር፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰውን፣ በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ዘርግታችኋል። ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ ተራራ ሠርታችሁ አረንጓዴ ቀባችሁት። «ተራራው ድፎ ዳቦ መሰለ። ከውጭ ዕቃ ሳላስመጣ እውነተኛ እንዲመስል ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጎንደር ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። የሞከርኩትን ልንገርሽ።

ቀለሙን ለጊዜው ተይው። ችግሩ ቅርጹ ነው። ወደ ደባርቅ ስትሄጂ መስኮት ዳር ተቀመጪና ተራሮቹን እያቸው። ብዙዎቹ አናታቸው ጠፍጣፋ ነው፣ አምባ። ከአምባው ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ተዳፋት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ገደል። ይህ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በተደራረበ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ነው። ጠንካራው ድርብርብ ገደል ሆኖ ይቆማል። ለስላሳው ተሸርሽሮ ተዳፋት ይሆናል። የእናንተ ተራራ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክብ ነው። ዳቦ ያስመሰለው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልኬት ነው። ኮምፔንሳቶው 2.44 ሜትር ይረዝማል። በ87 ስታባዢው 212 ሜትር ብቻ ነው። የፋሲል ግቢ ዙሪያ አጥር 900 ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ ቢሠራ ከ10 ሜትር በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ሙሉ ተራራ እዚያ ሰሌዳ ላይ አይቆምም። የተራራ እግር ብቻ ነው የሚቆመው።

ስለዚህ የሠራችሁትን አትጣሉት። በዳቦ ቢላ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ግመሺው። ሁለቱንም ግማሽ ጀርባቸውን ለግድግዳው አስጠጊና በመሃላቸው ሸለቆ ተይ። አናታቸውን ቁረጪው። ተራራው ከሰሌዳው ውጭ የሚቀጥል ይመስላል። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ ሦስት ተራራ አፍርሻለሁ።

ገደሉን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ሥሪው። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን በኮላ ደራርቢና ጠርዙን በብረት መጋዝ አሻክሪው። ድርብርቡ ራሱ አምባ ይሰጥሻል። ከፋርማሲ ፋሻ፣ ከግንባታ ዕቃ መደብር ጄሶ ግዢ። ፋሻውን በጄሶው እየነከርሽ አልብሺው። ጄሶ ቶሎ ስለሚደርቅ በትንሽ በትንሹ በጥብጪ። ለድንጋዩ ፊት ደግሞ ፎይል ጨምድጂና ዘርጊው፣ ጄሶ አፍስሺበት፣ ሊጠነክር ሲል ገደሉ ላይ ለጥፊው። ፎይሉ ሲላቀቅ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ታገኛለሽ። ሲደርቅ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፍስሺበት፤ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ብሩሽ ነጣ ባለ ግራጫ ነክረሽ በጨርቅ ጥረጊውና የድንጋዩን ጠርዝ ብቻ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ። ከገደሉ ሥር ናዳ አትርሺ። ናዳ የሌለው ገደል አይታመንም።

አሁን ወደ ቀለሙ። አንድ ወር ምረጪ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። «አረንጓዴ» የሚባል መሬት የለም። የመስከረም መሬት አለ፣ የጥር መሬት አለ። መስከረም ከሆነ ሣሩ ለምለም ነው፣ አደይ አበባው በየመስኩ ቢጫ ሆኗል። ጥር ከሆነ መሬቱ ቡላ ነው፣ ማሳው ታጭዶ ገለባው ቀርቷል፣ ክምሩ ቆሟል። ለጀማሪ ጥርን እመክራለሁ። የቃጫ ገመድ 4 ሚሊ ሜትር እያደረግሽ ቁረጪውና ፍቺው፤ የደረቀ ሣር ማለት እሱ ነው። የደቀቀ የጤፍ ጭድም ለማሳው ይሆናል። አረንጓዴውን ለወንዝ ዳርና ለቤተ ክርስቲያን ጽድ ብቻ አስቀምጪው። ያኔ ዓይን ይስባል።

አፈሩን ከደጅሽ ውሰጂ። ከእውነተኛ አፈር የበለጠ አፈር የሚመስል ነገር የለም። በምጣድ አመሺው፣ እርጥበቱም ነፍሳቱም ይወጣሉ። ከዚያ በወንፊት ንፊው። ቀጥሎ ያለውን ግን በደንብ ስሚኝ፤ ማግኔት በፌስታል ጠቅልይና አፈሩ ውስጥ ደጋግመሽ አዙሪው። የኛ አፈር ከጥቁር ድንጋይ የመጣ ስለሆነ የብረት ብናኝ አለው። የባቡሩ ሞተር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ብናኙን ይስበዋል። የመጀመሪያው ባቡሬ በዚህ ነው የሞተብኝ። ስፈታው ውስጡ ጥቁር ጸጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ፌስታሉን ስትገለብጪው ብናኙ አብሮ ይወጣል፣ ማግኔቱም ንጹሕ ይቀራል። ደግሞ ኮላ ሲነካው አፈር ይጠቁራልና አስቀድመሽ ካርቶን ላይ ሞክሪ።

የሐዲዱን ጠጠር በደረቁ ነስንሺና በብሩሽ አስተካክይ። ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ ርጪበት። ከዚያ አንድ እጅ ኮላ ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጊ። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ጠጠሩ ላይ እንደ እንክብል ይቆማል፣ አይሰርግም። የሐዲዱን ጎን የዝገት ቀለም ቀቢው። አናቱን ግን ኮላው ሳይደርቅ ጥረጊው፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነው። ልጅሽ ከጠየቀሽ ንገሪው፦ የእሱ ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ሲባዛ 1,435 ይመጣል፤ ያ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት ነው። በ1917 እንደ ፈረንጆቹ አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመር አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ጎንደር ባቡር ገብቶባት ስለማያውቅ ልጆቻችን ይህን የሚያዩት በእንዲህ ያለው ሰሌዳ ላይ ነው።

ግድግዳው ላይ ከኋላ የሚታዩትን ተራሮች ስትስሉ እየራቁ ሲሄዱ ቀለማቸውን አሳሱት፣ ሰማያዊም ቀላቅሉበት። ዛፎቹንም ወደኋላ እያሳነሳችሁ ትከሉ። ፊት ለፊት ያለው ባሕር ዛፍ 25 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ አይብዛባችሁ፤ ከሃያ ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ነው። ሰው ግን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ተራራውን ከገመሳችሁ በኋላ፣ ጄሶ ሳታለብሱት፣ ፎቶ ላኪልኝ። ገደሉ የት የት ቢሆን እንደሚያምር ፎቶው ላይ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።