እጅ ሲንቀጠቀጥ ኪቦርድን ማስተካከል

ጥያቄ፦ ከጥቂት ወራት ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል። በኮምፒውተር ስጽፍ አንዴ የነካሁት ፊደል ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋገምብኛል፤ ኮንትሮልን ከሌላ ቁልፍ ጋር አብሮ መጫንም አቅቶኛል። አንድ ወዳጄ «ፊልተር ኪስ» የሚለውን እንድከፍት መክሮኝ ብከፍተው ኪቦርዱ ጭራሽ መጻፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ነው የምጠቀመው። ሌላ ኪቦርድ ልግዛ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኪቦርድዎ አልተበላሸም፤ ለመግዛትም አይቸኩሉ። ከሁሉ በፊት ግን መንቀጥቀጡ በቅርቡ የጀመረ ስለሆነ ሐኪም እንዲያየው አደራ እንላለን።

ፊልተር ኪስ የሦስት አማራጮች የጋራ ስም ነው፤ ኪቦርዱን ያስቆመብዎት ከሦስቱ አንዱ፣ «ስሎው ኪስ» የተባለው መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። ይህ አማራጭ ሲበራ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ለተወሰነ ጊዜ ተጭኖ የቆየን ቁልፍ ብቻ ስለሆነ፣ እንደወትሮው ነካ አድርገው የሚለቁት ሁሉ እንዳልተነካ ይቆጠራል። የእርስዎ ችግር ግን ፊደል መደጋገሙ ነው፤ መንስኤውም ሁለት ሊሆን ይችላል። ባዶ ገጽ ከፍተው አንድ ፊደል ይጫኑና ጣትዎን ያስተውሉ። ጣትዎ ከቁልፉ ሳይነሣ ፊደሉ በተከታታይ ከተደረደረ፣ የሚያስፈልግዎት «ሪፒት ኪስ» በተባለው ክፍል መደጋገሙ የሚጀምርበትን ጊዜ ማራዘም ወይም መደጋገሙን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ጣትዎ ተነሥቶ ተመልሶ ቁልፉን እየነካ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው «ባውንስ ኪስ» ነው፤ ያው ቁልፍ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዳግመኛ ቢነካ ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ይተወዋል። የሚጠብቀውን ጊዜ ከትንሹ ይጀምሩ፤ ግማሽ ሰከንድ ላይ ቢያደርጉት እንኳ 55 ብለው ለመጻፍ በሁለቱ አምስቶች መካከል ትንሽ መታገሥ ግድ ይሆናል።

ወደ እነዚህ ሁሉ የሚደርሱት የዊንዶውስን ቁልፍ ከዩ (U) ጋር በመጫን፣ ከዚያም ኪቦርድ የሚለውን ክፍል በመክፈት ነው፤ ሁለት ቁልፍ መጫኑ ከከበደዎት ከሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን በማውስ ይክፈቱ። የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭኖ መያዝም ለፊልተር ኪስ አቋራጭ ስለሆነ፣ እያሰቡ ጣትዎን እዚያ ላይ የማሳረፍ ልማድ ካለዎት አቋራጩን ቢያጠፉት ይሻላል።

ለሁለተኛው ችግርዎ «ስቲኪ ኪስ» አለ፤ ሺፍትን በተከታታይ 5 ጊዜ ሲነኩ ይብራ ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። ከበራ በኋላ ኮንትሮልን ነክተው ይለቁታል፤ ቀጥለው የሲ (C) ቁልፍን ሲነኩ የመረጡት ጽሑፍ ይቀዳል። የአማርኛን ድምፅ በተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ፊደል በሚያስጽፉ ብዙ የአማርኛ መጻፊያዎችም ሺፍትን ነክተው ከለቀቁ በኋላ የቲ (T) ቁልፍን ቢነኩ «ጠ» ይወጣል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ ሁለት ቁልፎች አብረው ሲነኩ ስቲኪ ኪስ እንዲጠፋ የሚያዝ ምርጫ እዚያው ክፍል ውስጥ ይገኛል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ሁለት ቁልፍ ባንድነት መንካት በየደቂቃው የሚያጋጥም ስለሆነ፣ ይህ ምርጫ በርቶ ከቆየ ስቲኪ ኪስ በሥራ መካከል ሳያውቁት ይጠፋብዎታል፤ ስለዚህ ስቲኪ ኪስን ባበሩበት ቅጽበት ይህን ያጥፉት።