የሰፈር ጸጥታ አጋርነትን ለምትገመግሙ ወጣቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፤

ፖሊስና ነዋሪዎች ወንጀልን በጋራ ለመከላከል የመሠረቱት አጋርነት ውጤት ማምጣቱን እንድትመዝኑ ስትመደቡ፣ አስቀድሞ የሚቀርብላችሁ ፖሊስ የመዘገበው የወንጀል ብዛት ነው። ተቀበሉት፤ ብቻውን ግን አትመኑት። አጋርነቱ በእርግጥ ከሠራ፣ ቀድሞ ዝም ይሉ የነበሩ ተበዳዮች ደፍረው ማመልከት ስለሚጀምሩ ወንጀሉ ሳይጨምር የአቤቱታው ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ አቤቱታ የሚቀበለው ክፍል ሰውን ካመላለሰ ደግሞ ወንጀሉ ሳይቀንስ መዝገቡ ይሳሳል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ምን እንደደረሰበትና አመልክቶ እንደሆነ ነዋሪውን ራሱን ቤት ለቤት ጠይቁ። ጠያቂው ፖሊስም የአጋርነቱ ኮሚቴ አባልም አይሁን።

አብዝቼ የማሳስባችሁ ንጽጽርን ነው። አጋርነት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ወንጀል ከወትሮው በላይ በናረበት ሰፈር በመሆኑ፣ ምንም ባይደረግ እንኳ ቁጥሩ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሊወርድ ይችላል፤ አጋርነቱ ያልተጀመረበትን ተመሳሳይ ሰፈር ጎን ለጎን ካላያችሁ ይህን ከሥራው ፍሬ መለየት አይቻላችሁም። ወንጀሉ ተሻግሮ እንደሆነም አጎራባቾቹን ተመልከቱ።

በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታን፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በእንዲህ ያለ ንጽጽር ሲመዝን፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ፣ ማለትም ፖሊስ ከነዋሪው ጋር ተባብሮ የሚሠራበት እንዲህ ያለው አሠራር፣ ወንጀልን እንደቀነሰም ሆነ በፖሊስ ላይ ያለውን እምነት እንዳሳደገ አላገኘም። ተመራማሪዎቹ የአመራር ድጋፍ አለመዝለቁን፣ የፖሊሶችን ቶሎ ቶሎ መዛወርና ነዋሪው ላነሳው ችግር መልስ የሚሰጥበት አቅም ማነሱን በምክንያትነት አንስተዋል። ይህ ውጤት ሐሳቡን እንድንተው የሚያስገድድ አይመስለኝም፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የተጻፈው በሰፈሩ ውስጥ መፈጸሙን ሳያረጋግጡ ውጤት መለካት ከንቱ ድካም መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ፍርሃትንና ወንጀልንም ለየብቻ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካዋ ኒውርክ ከተማ ፖሊስ በእግር እየተዘዋወረ የሚያደርገው ጥበቃ ሲፈተሽ የነዋሪው ስጋት ቀንሷል፣ ወንጀሉ ግን አልቀነሰም። ስጋት መቀነሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ስሙ ግን አትጥሩት።

የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስታገኙ የተሰብሳቢውን ብዛት ቆጥራችሁ አታቁሙ። ከተነሱት አቤቱታዎች ጥቂቱን መርጣችሁ ማን እንደተረከባቸው፣ ምን እንደተደረገና ውጤቱ ለአመልካቹ መቼ እንደተነገረ ተከታተሉ። ቀጥሎ ወደ ስብሰባው ያልመጡትን፣ በተለይ ተከራዮችንና መንገድ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈተሹ ወጣቶችን ፈልጋችሁ አነጋግሩ።