ቀጠሮ ከመስጠታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በየቤታችሁ የስፌት መኪና ዘርግታችሁ፣ ኬክ እየጋገራችሁ፣ ሹራብ እየሠራችሁ ወይም በኮምፒውተር እየሠራችሁ ለምትተዳደሩ ሁሉ ስለ ቀጠሮና ስለ ጊዜ አያያዝ ነው የምጽፈው። እኔ የማውቀው የሐበሻ ልብስ ስፌትን ነው። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከመኝታዬ በመጋረጃ በተለየች ጥግ ስሠራ ዕድሜዬ ሄዷል። ምሳሌዎቼም ከዚያው የመጡ ናቸው። ሌላ ሙያ ያላችሁ ለራሳችሁ በሚስማማ መንገድ ተጠቀሙበት።

ወጣቶች መጥተው ሲያማክሩኝ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ እንዴት ቶሎ እንደሚሠራ ነው። ፍጥነት በልምድ ይመጣል፤ እጅ ራሱ ይማራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሊቱን የሚያስነጋችሁ፣ ልጃችሁ ሲያናግራችሁ የሚያስቆጣችሁ፣ በር ሲንኳኳ የሚያስደነግጣችሁ ደንበኛዋን በር ላይ እየሸኛችሁ የተናገራችሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «እሺ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል።» ጊዜያችሁ የሄደው ያን ጊዜ ነው።

አንድ የሠርግ ቀሚስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አስቡ። ጨርቁንና ጥለቱን የሚሠራው ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሥረ መሠረታቸው ከጋሞ ደጋ ነው፤ ለመስቀል ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። በመስከረም አጋማሽ ጥለት አሠራለሁ ያለ ሰው ያለ ሸማኔ ይቀራል። ጥልፍ ካለው ጠላፊ አለ፤ ቀጥሎ ቆረጣውና ስፌቱ፣ ከዚያም ደንበኛዋ መጥታ ለብሳ የምታየው፣ በመጨረሻ የሚጠበው የሚሰፋው አለ። «መቼ ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ቀን ተደምሮ ነው። ለሸማኔው ሳትደውሉ ቀን የምትሰጡ ከሆነ የሰው ጊዜ ነው የምትሰጡት።

ስለዚህ ልማዴ ይህ ነው። ልኬቱን እወስዳለሁ፣ ቀለሙን እንመርጣለን፣ ከዚያ «ቀኑን ነገ ደውዬ እነግርዎታለሁ» እላለሁ። በዚህ የተቆጣ ደንበኛ አላየሁም። ማታ ደብተሬን እከፍታለሁ፣ ሸማኔውን አነጋግራለሁ፣ ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ቀሚሱ ከሠርጉ አንድ ሳምንት ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት፤ ሙሽራ በመጨረሻው ሰሞን ትከሳለች ወይም ትወፍራለችና። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር መጥቷል፤ ደንበኛ ቀብዱን በስልክ ልካ ትዕዛዟን እንደ ተቀበላችሁላት ትቆጥራለች። ቀን ሳትቆርጡ ቀብድ አትቀበሉ። ሳይነግሯችሁ ከላኩ በዚያው ዕለት መልሱላቸው።

አሁን በጣም ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። በእኛ ሙያ ዓመቱ እኩል አይሄድም፤ ይህን የሚነግራችሁ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። ሠርግ በጾም የለም። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ጊዜ ነው፤ የዚያ ጊዜ ርዝመት ግን ከፋሲካ ጋር ይለዋወጣል። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለ ዋለ ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ ከጥር 12 ጀምሮ 50 ቀናት ነበሩን። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ ጾሙ የካቲት 9 ይገባል፣ ያለው 27 ቀን ብቻ ነው። ከሁለቱም ላይ የነነዌ ጾም ሦስት ቀናት ይቀነሳሉ። የሚያገቡት ሰዎች ቁጥር ግን ቀኑ አጠረ ብሎ በግማሽ አይቀንስም። በ2016 ዓ.ም. ያለ ጭንቀት የተቀበላችሁትን ያህል ትዕዛዝ በ2018 ከተቀበላችሁ የምትሠቃዩት ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ስላልቆጠራችሁ ነው። የሙስሊም ደንበኞች ያላችሁ ደግሞ ዒድ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እንደሚቀድም አትርሱ። ከገና ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር የሚገጥምበት ዘመን ይመጣል።

ጥምቀት ራሱ ሌላ ነገር ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ምን ያህል እንደሚለምን ታውቃላችሁ። ለእንቁጣጣሽም እንደዚሁ ነው። እኔ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የአዲስ ዓመት ደብተሬን እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣችውን ሥራዋን ወደማምንባት ሌላ ሰፊ እልካታለሁ። ያቺ ሰፊም በተራዋ ትልክልኛለች። ትዕዛዝ መመለስ እንጀራን መመለስ የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ ቀሚሱ ሳይደርስላት በእንባ የሄደች ሙሽራ ግን ከነእኅቶቿ ነው የማትመለሰው።

የቀኑን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። ክርን ከጥለት ጋር ማመሳሰልና በነጭ ላይ ነጭ መስፋት የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል፤ ጠዋቱን ለዚያ ጠብቁት። መብራት ሲኖር መተኮስና በሞተር መስፋት፣ ሲጠፋ ነጠላ መቋጨት፣ ቁልፍ መትከል፣ ዘርፍ መልቀም። በእግር የሚረገጠውን አሮጌ መኪና ያላችሁ አትሽጡት። ማታ ማታ ስፉ፣ ፍቱ፣ ከፈለጋችሁ፤ ጨርቅ ግን ደክሟችሁ አትቁረጡ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፣ የተቆረጠ ጥበብ አይቀጠልም።

ቤት ውስጥ መሥራት ከሁሉ የሚከብደው በሰው ምክንያት ነው። ሱቅ ቢሆን ይዘጋል፤ ቤት አይዘጋም። ጎረቤት ሥራ ላይ መሆናችሁን አያውቅም፤ ተቀምጣችሁ ነው የሚያያችሁ። በዚህ ጎረቤትን አትውቀሱ። ሰዓታችሁን ንገሩት። በእኛ ግቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እኔን የሚጠራኝ ሰው እንደሌለ ሕፃናቱም ያውቃሉ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ደንበኛ እቀበላለሁ፤ የከሰዓቱን ቡና ደግሞ አልቀርም። ቡናውን ትታችሁ የምታተርፉት ሰዓት አለ ብላችሁ አታስቡ። ስትታመሙ ውሃ የሚያቀብላችሁ፣ እናንተ መርካቶ ስትሄዱ ለደንበኛችሁ በር የሚከፍተው ያ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው።

ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። ዕድር ላይ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ግን የሚከብደው የጎረቤትን ሐዘን ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብሎ ማለፍ ነው። ለዚህ ነው በየሳምንቱ አንድ ቀን ምንም ሥራ ሳልመድብበት የምተወው። ለቅሶ ከመጣ ለቅሶ እደርስበታለሁ፤ ሸማኔው ካዘገየኝ እካካስበታለሁ፤ ምንም ካልመጣ አርፍበታለሁ። በስድስት ቀን የሚያልቀውን ሥራ በሰባት ቀን ቀጠሮ መስጠት ደንበኛን ማታለል አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ቀሚሷን ታጥፎ ታገኘዋለችና።

ጨቅላ ይዛችሁ በሌሊት የምትሰፉ እናቶች በተለይ አሳስባችኋለሁ። ማታ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኑት። አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ሰው ሥራውን የሚዘጋው በር ያ ጨርቅ ነው፤ ልጆችም ሲሸፈን ሲያዩ እናታቸው የእነርሱ እንደሆነች ያውቃሉ። እርሱ ከተሸፈነ በኋላ ስልክ ላይ የሚመጣው «የት ደረሰልኝ?» ጠዋት ይመለሳል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የሠርግ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ብዙዎች በሐሳብ ያሳልፉታል። እኔ ግን በዚያ ጊዜ መኪናዬን አሠራለሁ፣ ክር እገዛለሁ፣ ከሁሉ በላይ ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርጎች የሚሆነውን ጥለት ሸማኔው እጁ ባዶ በሆነበት ሰሞን አሠራዋለሁ። ዋጋውም ይረክሳል፣ ሥራውም ይጠራል።

በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ጾሙ የካቲት 29 ስለሚገባ ከጥምቀት በኋላ 47 ቀናት አሉ፤ ሰፋ ያለ ዓመት ነው። ይህን ዛሬውኑ በደብተራችሁ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ሸማኔዎቻችሁንም ከመስቀል ሲመለሱ፣ በጥቅምት አነጋግሯቸው።