አይሱዙው ዳገት ላይ ለምን ይደክማል?

ከሱሉልታ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አይሱዙህ ሲሚንቶ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ጉልበት ያጣል። ዳር ይዘህ አሥር ደቂቃ ስትቆም ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል አሳጥበሃል፤ የናፍጣ ፊልትሮ ሁለቴ ቀይረሃል። በመጨረሻ ላይ ግን «ናፍጣ ስለሚረጭ የታንኩ ክዳን ሥር ፌስታል አድርጌያለሁ» ብለሃል።

እኔ የምጠረጥረው ፌስታሉን ነው።

ታንክ ናፍጣ ሲሰጥ በምትኩ አየር መውሰድ አለበት። ሃይላንድ አፍህን ገጥመህ ስትጠጣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል አይደል? አፍህን ካላላቀቅክ ውኃው እምቢ ይላል። የአንተም ታንክ እንደዚያው ነው፤ ብረት ስለሆነ አይጨማደድም እንጂ። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ትንሽ ስለሆነ አይታወቅም። ዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ሲፈልግ ግን ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ስትቆም አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል፤ አንተም ዳነ ትላለህ። ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ አዳምጦ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ሞተር የሚፈተነው ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ነው። ለአውሮፕላን ዳገቱ መነሳቱ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ እርግቦች ገብተው ጉልበት አጣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አብራሪው ዳር ይዞ መቆም አይችልም ነበር። አንተ ትችላለህ። ስትቆም ግን ጎማው ሥር ታኮ አድርግ!

አሁን ወደ ሥራው። ዳገቱ ላይ ሲደክም ቁም። መጀመሪያ ታኮ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለህ ፍታ። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበ ጥፋቱ ተገኘ፤ ፌስታሉም ወደ ውስጥ እንደ ስኒ ጎድጉዶ ታገኘዋለህ። አውጥተህ ጣለው። የክዳኑን የአየር ቀዳዳ በናፍጣ እጠብና ንፋው። የሚረጨው የክዳኑ ጎማ ስላረጀ ይመስለኛል፤ ክዳኑን ቀይር።

ካልሳበ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ቱቦውን ተከተል። በሽቦ ታስሮ ካገኘኸው ቱቦውንም ማሰሪያውንም ለውጥ። ሽቦ ጎማ ይበላል፤ ስንቱን መኪና አበላሹት! ርካሽ ፊልትሮም አላምንም። የጎማ ቀለበቱ ቶሎ ይደርቅና አየር ያስገባል። ደህናውን ግዛ።

ደግሜ ልንገርህ፦ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ይደክማል። በእጅ ፍሬን ብቻ ተማምነህ መኪናው ሥር አትግባ። ረዳትህ ታኮውን ሳያደርግ አንተ እግርህን ከፍሬን እንዳታነሳ።

ስትሞክረው ባዶውን አይሁን፤ ጭነህ ሞክረው። ከዚያ የሆነውን ጻፍልኝ።