ኮዱን የት እናስቀምጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጓደኛሞች ነን። ኮምፒውተር ውስጥ የተዝረከረኩ ፎቶዎችን በተነሱበት ቀን እየለየ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም ሠርተናል። ኮዱን ለሁሉም ክፍት ልናደርገው ወስነናል፤ የት እንደምናስቀምጠው ግን መስማማት አቃተን። አንዳችን ጊትሃብ ይላል። ሌላው ጊትሃብ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ኮድበርግ ይሻላል ባይ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ የራሳችን ሰርቨር ይኑረን ትላለች። እርስዎ ምን ይሉናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ኮዱ አትጨነቁ። ጊትሃብም ኮድበርግም የቆሙበት ጊት፣ የኮድን ለውጦች ከነታሪካቸው የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ የሊኑክስ ፈጣሪ የሊኑስ ቶርቫልድስ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው ፕሮጀክቱን የገለበጠ ሰው ሁሉ ታሪኩንም ሙሉ በሙሉ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ያስቀመጣችሁበት ቦታ ነገ ቢዘጋ ኮዱ በሦስታችሁም ኮምፒውተር ላይ አለ።

የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። ኢሹዎቹ (ሰዎች የሚጽፏቸው የስህተት ሪፖርቶችና ጥያቄዎች)፣ በፑል ሪኩዌስት (ኮዱ ላይ እንዲገባ በቀረበ ለውጥ) ላይ የተደረገው ክርክር፣ «ይህን ለምን እንዲህ አደረጋችሁት?» ለሚለው የተሰጠው መልስ። ይህ ሁሉ ጊት ውስጥ የለም፤ ያለው በአስተናጋጁ ዘንድ ነው።

ደርሶብኝ ነው የምለው። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክቴን ያስቀመጥኩበት አገልግሎት ሊዘጋ ነው ተባለ። ኮዱን በአምስት ደቂቃ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩት። ኢሹዎቹን ግን ዛሬ ነገ ስል ቀኑ አለፈ። አንድ የማላውቀው ሰው ስህተት አግኝቶ፣ እንዴት እንደሚፈጠር ከነምሳሌው ጽፎልኝ ነበር። ስህተቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ጽሑፉ ግን የለም። ፍለጋው ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያ ሰው ጊዜውን ሰውቶ ነበር የጻፈልኝ።

ትልቅ ስምም ዋስትና አይሆንም። ኮድ ማስቀመጫው ጉግል ኮድ የጉግል ነበር፤ በ2015 አዲስ ፕሮጀክት መቀበል አቆመ፣ በ2016 ተዘጋ።

ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። እኔ ለእናንተ የምመርጠው ጊትሃብን ነው። ፕሮግራማችሁ ስህተት ሲሠራ የሚያይ ሰው እዚያ አካውንት ሊኖረው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። አዲስ ተመዝገብ ከተባለ ግን ብዙው ሰው ነገሩን ትቶት ይሄዳል። ለጀማሪ ፕሮጀክት ደግሞ አንዲት የስህተት ሪፖርት ትልቅ ነገር ናት።

የኮድበርጉ ጓደኛችሁ ስጋት ግን ተራ አይደለም። ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ውሳኔው የእሱ ነው። ኮድበርግ በርሊን ያለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ የሚሠራበት ሶፍትዌር ፎርጄዮም ራሱ ክፍት ነው። የዚግ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ በ2025 መጨረሻ ላይ ጊትሃብን ትቶ ወደዚያ ሄዷል። ልብ በሉ፣ ዚግ ተከታዮች ነበሩት፤ የትም ቢሄድ ፈልገው ያገኙታል። እናንተን ገና የሚያውቃችሁ የለም።

የራስ ሰርቨር? የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሠሩት ኖምና ኬዲኢ ጊትሃብን የሚመስለውን ጊትላብን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ተክለው ይሠራሉ፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ግን አላቸው። እናንተ ሦስት ናችሁ። ማሻሻያው፣ ባካፑ፣ የውሸት አካውንት የሚከፍተውን ማባረሩ ፕሮግራሙን የምትሠሩበትን ጊዜ ይበላባችኋል። አሁን አይሆንም።

ጊትሃብ ስትገቡ ግን መውጫችሁን አዘጋጅታችሁ ግቡ። ፕሮጀክቱን በአንዳችሁ የግል ስም ሳይሆን በድርጅት አካውንት ክፈቱት፤ ቢያንስ ሁለታችሁ ሙሉ ሥልጣን ይኑራችሁ። ትልልቅ ውሳኔዎችን ኢሹ ውስጥ ብቻ አትተዉ፤ ከኮዱ ጋር በሚቀመጥ ፋይል ላይ ጻፏቸው። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ሙከራዎችም በራሳችሁ ስክሪፕት አድርጓቸው፤ ጊትሃብ ስክሪፕቱን ጠርቶ ያስኪድ እንጂ ሥራው ሁሉ በጊትሃብ ቋንቋ አይጻፍ።

ከሁሉም በፊት ላይሰንስ ምረጡ፤ ሌሎች በኮዱ እንዴት እንዲጠቀሙ እንደፈቀዳችሁ የሚናገር ጽሑፍ ማለት ነው። ላይሰንስ የሌለው ኮድ ሰው ያየዋል እንጂ ክፍት አይባልም። ኮድበርግም ነፃ ላይሰንስ ይጠይቃል።

ለኮድበርግ የተከራከረው ጓደኛችሁ እዚያ ቅጂ ይክፈት። አንድ ጊዜ ፑሽ ስታደርጉ (ለውጣችሁን ስትልኩ) ኮዱ ወደ ሁለቱም እንዲሄድ ጊትን ማዘዝ ይቻላል። ሰርቨር የፈለገችው ደግሞ በየወሩ ኢሹዎቹን በጊትሃብ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ በሚጠይቁበት በር) አውርዳ ታስቀምጥ። እኔ ያላደረግሁት እሱን ነው።